ፈሪው ሶኬት

አሰላ ውስጥ ሰው ሐጅ ሄዶ ሲመለስ የሚቀበለው ቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ተጓዡ ገና መካ እያለ የግቢው በር አረንጓዴ ይቀባል፣ አጥሩ ይቃናል፣ ዱዓ የሚደረግበት ዳስ ይጣላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በደቦ ነው። ስለ ደቦ ያለኝን አስተያየት ቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ደቦ ለስንዴ አጨዳ የተፈጠረ ጥበብ ነው። ማጭድ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ አጠገቡ ያለውን እያየ ይውልና ማታ አጫጅ ሆኖ ይገባል። ከስንዴ ማሳ ያስወጡት ዕለት ግን ጉዱ ይታያል። ኮረንቲ ላይ አጠገብህ ያለውን እያየህ ስትሠራ፣ እሱም አንተን እያየ ነው የሚሠራው። ሁለታችሁም የምታውቁት ነገር የለም፤ መተማመናችሁ ግን ለጉድ ነው።

ሐጅ የሄደው የታላቅ እህቴ ባል ነበር። ከኦጎልቾና ከሁሩታ ስንዴ እየሰበሰበ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የመመለሻው ጊዜ የዋለው ክረምቱ መግባት ሲጀምር፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ዝናብ ከምሳ በኋላ ማንንም ሳያስፈቅድ በሚመጣበት ሰሞን ነው። ዳሱ እንደ ድሮው በአጣናና በሸራ ይሁን ያለ ሰው አልነበረም። ዘመኑ የብረት ነው። ቱቦላሬ የሚሉትን ባለ አራት ማዕዘን ብረት ቆርጠው፣ በስተው፣ በብሎን አሳስረው፣ ላዩን ቆርቆሮ ያለብሱታል። ለመቁረጥ ግራይንደር፣ ለመብሳት ድሪል ያስፈልጋል። ሁለቱም ኮረንቲ ይፈልጋሉ። በእህቴ ግቢ ከቤት ውጭ ያለው ሶኬት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ቧንቧው አጠገብ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በላይ።

ያ ሶኬት ለምን እንደተተከለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እህቴን ማሽኑ ይዟት ነበር። ጎረቤቶቿ ሲያወሩት «ነዘራት» ይላሉ። ነዘራት የሚባለው ጣት ብድግ ብሎ ሲመለስ ነው። እሷ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንደቆመች እጇ ከክዳኑ ጋር ተጣብቆ፣ አፏ ተከፍቶ ድምፅ እንቢ ብሏት ቆማ ቀረች። ያዳናት ሰው የለም። ያዳናት መብራት መጥፋቱ ነው። ስለ መብራት መጥፋት ብዙ ክፉ ቃል ተናግሬ አውቃለሁ፤ ስለዚያን ቀኑ ግን አንድም አልናገርም። እጇ ተረፈ፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም።

አዳማ በግንባታ ሥራ የሚተዳደረው ልጇ ይህን ሲሰማ መጣና ፊቱ ላይ ትንሽ ቁልፍ ያለው ሶኬት ይዞ ገባ። ራሱ ተከለው። አብሮት የመጣችውን ወረቀት እኔ አነበብኳት፤ በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ያነበባት የለም። የምትለው ቀላል ነው። ኮረንቲ በአንዱ ሽቦ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። የሄደው ያህል ካልተመለሰ አንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው፤ ወደ ውሃ፣ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው። ሶኬቱ ይህን ጉድለት ሲያይ፣ የሾለከው ኮረንቲ ሰው ሳይገድል በፊት፣ ቀጭ ብሎ ይዘጋል፤ ቁልፉን ሲጫኑት መልሶ ይከፈታል፣ ክፍት ሳለ ሲጫኑት ደግሞ ለሙከራ ራሱን ይዘጋል። በቃ። ልጁም ለእናቱ የነገራት ይህንኑ ነው፤ «ማሽኑ አርጅቷል። እኔ የማምነው ማሽኑን ሳይሆን ይሄን ነው። ይሄ እስካለ እጠቢ፤ ይሄ ከሌለ አትንኪው።» እህቴ ከዚያ ወዲያ የምታጥበው በዚህ ቃል ተማምና ነው።

ደቦው የተጀመረ ቀን ጠዋት ጎረቤታችን ግራይንደሩን በአንድ እጁ፣ ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ በትከሻው ጠቅልሎ መጣ። ይህ ሰው በሰፈሩ የታወቀ የመሣሪያ ባለቤት ነው። መሣሪያ ያለው ሰው እኛ ዘንድ ባለሙያ ይባላል፤ ሙያው ከመሣሪያው ጋር ከሱቅ የተገዛ ይመስል። ከእሱ ጋር አንድ በያጅና ምክር ብቻ ይዘው የመጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ጎረቤቱ ገመዱን የሌሊት ጤዛ ባልደረቀበት ሣር ላይ፣ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ሥር ዘርግቶ ጫፉን ሶኬቱ ውስጥ ሰካው። ግራይንደሩን አስነሳ።

ቀጭ።

ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። ተመለሰ፤ አስነሳ።

ቀጭ።

«ምን ሆነ ይሄ?» አለ።

«ፈራ» አለ በያጁ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስሙ ፈሪው ሶኬት ሆነ። አንዱ ጎንበስ ብሎ «ሂን ሶዳቲን፣ አይዞህ፣ አትፍራ፣ ግራይንደር ነው እንጂ ጅብ አይደለም!» እያለ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አርሲ ውስጥ ወንድን ፈሪ ከማለት የከፋ ስድብ የለም፤ ስድቡ ለሶኬትም እንደሚሠራ ግን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ትንታኔው ተጀመረ። አንዱ ዕቃው ውሸተኛ ነው አለ። ሌላው የተሠራው ኮረንቲያቸው ለስላሳ ለሆነ አገር ነው፣ የኛን ኃይለኛ ኮረንቲ አልለመደም አለ። አንድ ሽማግሌ ሐጂውን ዓይን እንዳይበላው ብለው ቁርአን እንዲቀራ መከሩ። ይህን ሁሉ ያሰበ ጭንቅላት አንድ ነገር ብቻ ለማሰብ እንቢ አለ፤ ሶኬቱ እውነቱን ይሆናል የሚለውን።

«ግራይንደሩን ንቀለውና ገመዱን ብቻ ሰካ» አልኩት ጎረቤቱን። «ገመዱ ብቻውን ሲሰካ ከጣለ ችግሩ ገመዱ ውስጥ ነው።»

«ፕሮፌሰር!» አለኝ። ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ የሚለኝ ለማላገጥ ነው። «ገመዱ ምን አደረገህ? ገመድ ይፈራል እንዴ?»

«የሆነ ቦታ ይሾልካል። ሶኬቱ እሱን ነው የሚነግርህ።»

«ነገረህ? በአማርኛ ነው በኦሮምኛ?»

ደግሞ ሳቁ። በያጁ ዕንባውን እየጠረገ፣ «ወላሂ መጽሐፍ ሰውን ያጃጅላል» አለ። በደቦ ላይ የሚቃወም ሰው ምን እንደሚደረግ ወግ አለው፤ አይደበደብም፣ አይሰደብም፣ ይላካል። «እስቲ አንተ ደህና ገመድና ብሎን ከገበያ አምጣልን» አሉኝ። ብሎኑ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ግን ለእህቴ ወጥ ቤት ገብቼ ነገርኳት። ለእንግዶች የሚሆን ሥጋ እያስቆረጠች ነበር።

«ሶኬቴን እንዳይነኩት ብቻ» አለች። «ብርድ ልብሶቹን ዛሬ አጥባለሁ፤ የሁሩታ ሰዎች እዚህ ነው የሚያድሩት።»

«አትንኩ በያቸው።»

«ብያለሁ። እሺ ብለዋል።»

እሺ። በዚህ አገር ከእሺ የበለጠ ብዙ ሰው የጎዳ ቃል የለም። እንቢ ያለህን ሰው ትጠነቀቀዋለህ። እሺ ላለህ ጀርባህን ሰጥተህ ትሄዳለህ።

ባጃጅ ይዤ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ዝናቡ ጥሎ አባርቶ ነበር፤ የግቢው ሣር ውሃ ቋጥሮ ያብረቀርቃል። ከበሩ ስገባ ግራይንደሩ ያለ ምንም ማቋረጥ ይጮኻል፣ ከብረቱ የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል፣ የዳሱ ግማሽ ቆሞ ቆርቆሮ ለብሷል። ጎረቤቱ ከሩቅ አይቶኝ፣ «ፕሮፌሰር! አስተማርነው!» ብሎ ጮኸ።

መስኮቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁልፍ ያለው ሶኬት ከነብሎኖቹ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ በእሱ ቦታ አንድ ተራ፣ ደደብ፣ ነጭ ሶኬት ተተክሏል። የጎረቤቱ ገመድ ከእሱ ወጥቶ በሣሩ ውሃ ውስጥ ይሄዳል። እህቴ ደግሞ ብርድ ልብሶቹን በመዘፍዘፊያ ታቅፋ ቧንቧው ጋ ደርሳለች። ነጠላ ጫማዋ ውሃ ውስጥ ነው። አንዱን እጇን ለማሽኑ ገመድ ዘርግታለች። ሶኬቱን አላየችም፤ ለምን ታያለች? እጇ ቦታውን ያውቀዋል።

«አትንኪ!» አልኩ። ድምፄ ከግራይንደሩ በላይ ወጣ።

እጇን እንደ ዘረጋች ቆመች። የጠቆምኩትን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ መስኮቱን። መዘፍዘፊያውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠች። በቤቱ ጎን ዞራ ወደ ቆጣሪው ሄደች።

ግራይንደሩ እያቃሰተ ዝም አለ።

«መብራት ጠፋ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ ከልማድ። ጎረቤቱ መብራቱንም ሥራውን የሚያደናቅፍበትንም ሁሉ ረገመ። በያጁ አንገቱን አውጥቶ የሰፈሩን ቤቶች አየ። «እዚያ ማዶ ግን አለ» አለ።

«አልጠፋም» አለች እህቴ ከቆጣሪው ጋ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ጎረቤቱ ግራይንደሩን ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

«እህታችን» አለ ጎረቤቱ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያባብል፣ «ሐጂ ሊገባ ነው፤ ዳሱ አላለቀም። ሥራው እስኪያልቅ ነው እኮ የቀየርነው። መልሰን እንተክልልሻለን።»

«እኔ አሁን ልሰካ ነበር።»

«ታዲያ አልሰካሽም።»

«ይሄ ስላየኝ ነው!» ብላ ወደ እኔ አሳየች። «ከገበያ ባይመለስስ?»

«አልሐምዱሊላህ ተመለሰ። ከክፉ ነገር አላህ ይጠብቅ። ግን ዳሱ ሳያልቅ ሐጂ ቢደርስ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ዳሱ ሥር ተቀምጦ ምን እንደሚልማ አውቃለሁ» አለች። «ኢና ሊላሂ ነው የሚለው። ለእኔ።»

ለለቅሶ የሚባለውን ቃል ለደስታ በተሠራ ዳስ ሥር መስማት ማንም አይወድም። ሽማግሌው «አስተግፊሩላህ» ብለው ዞር አሉ።

እህቴ ኮረንቲው ጠፍቶ እያለ በያጁን ሶኬቱን መልሶ እንዲተክል አዘዘችው። ካቻቢቴውን ይዞ፣ ሴት ያዘዘችው ሰው እንደሚያጉረመርመው እያጉረመረመ ተከለው። ከዚያ እኔን ዞራ አየችኝ፤ «ጠዋት ያልካቸውን አሁን አድርገው።»

ከግራይንደሩ ላይ ገመዱን አላቀቅሁ። የገመዱ መጨረሻ ምንም ሳይያያዝበት ሣሩ ላይ ቀረ። ሰውን ሁሉ ከሣሩ ላይ አስነሳሁ። እህቴ ኮረንቲውን መለሰች። የገመዱን ራስ ሰካሁ።

ቀጭ።

ግራይንደር የለም፣ ድሪል የለም፣ የሚፈራም የሚያስፈራም ነገር የለም። ገመድ ብቻ። ከሶኬቱ ነቅዬ ገመዱን እየተከተልኩ ሄድኩ። ሩቅ አልሄድኩም። ልክ ልብስ ማስጫው ሥር፣ ሣሩ ውሃ ያቆረበት ቦታ፣ ገመዱ ተቆርጦ የተቀጠለበት አንድ ጉብጉብ ያለ ነገር አገኘሁ። የኮረንቲ ማሸጊያ ናስትሮ እንኳ አልተጠቀለለበትም። ጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ በማዳበሪያ ክር ታስሯል፤ ፌስታሉ ተቀዶ ውሃ ሞልቶታል። እህቴ ብርድ ልብሶቹን አጥባ ስትጨርስ፣ እርጥብ እንደ ሆኑ ተሸክማ፣ እዚህ ላይ ነበር ቆማ የምትሰጣው።

ለሰዎቹ አነሳሁና አሳየኋቸው። የጠበቅሁት ድንጋጤ ነበር፤ ወይም ትንሽ ሐፍረት። ጎረቤቱ ግን የተበደለ ሰው ሆኖ ተቆጣ።

«እሱ ከድሮ ጀምሮ እንደዛ ነው» አለ። «ማንን ገደለ?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ፍሬን የሌለው መኪና ማንን ገደለ? ክዳን የሌለው ጉድጓድ ማንን ገደለ? እዚህ አገር አንድ ነገር አደገኛ መሆኑ የሚታወቀው በሬሳ ነው፤ ሬሳ ያላቀረበ ከሳሽ አይሰማም። ሬሳው ሲቀርብ ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባልና ገመዱ በነፃ ይለቀቃል። በዚህ ችሎት ገመድ ተፈርዶበት አያውቅም። ፈሪ ተብሎ የተፈረደበት እውነቱን የተናገረው ሶኬት ብቻ ነው። ጀግንነት የምንለው ነገር ሲመረመር አብዛኛው ስንፍና ነው፤ ፌስታሉን ፈትቶ ናስትሮ መጠቅለል ከመድፈር የበለጠ ስለሚያደክም ነው የምንደፍረው።

እህቴ እጇን ዘርግታ፣ «ፒንሳ» አለች።

በያጁ ሳያስብ አቀበላት። በአንድ እጇ የገመዱን ራስ ያዘች፤ አለመሰካቱን በዓይኗ ለማየት። በሌላው ገመዱን ከፌስታሉ ወዲህ ቆረጠች፤ ከፌስታሉ ወዲያ ቆረጠች። ፌስታሉን ከነውሃው አንስታ ለጎረቤታችን ሰጠችው።

«አንተም ቤት ሚስት አለች» አለችው።

ሰውየው ግራይንደሩን አንስቶ፣ የገመዱን ቁራጮች ሰብስቦ ወጣ። ከእሱ ጋር ግማሹ ደቦ ወጣ። ዳሱ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሰማይ እንደ ሆነ ቀረ።

ያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ሐጂው ሲገባ መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሰፈሩን ዞሩ፤ ዝናቡም አልቀረም። ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ባለበት ግማሽ ሥር ተፋፍጎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ዱዓ አደረገ፤ ዘምዘሙም ቴምሩም በጠባቧ ቦታ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጭንቅላቱን የተላጨው ሐጂ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ዳሱ ግማሽ መሆኑን ያየ አልመሰለኝም። ምን ይላል ተብሎ የተፈራው ሰውም ስለ ዳሱ ምንም አላለም።

ጎረቤቱ ግን አልመጣም፤ ሽማግሌ ነው የላከው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዘንግ የያዙ ሽማግሌዎች ገብተው ዳሱ ሥር ተቀመጡ። ክሱ፣ በወንዶች ፊት ገመዴን ቆርጣ አዋረደችኝ የሚል ነው። ሽምግልና የሚያመሰግኑት ብዙ ናቸው፤ እኔ አንዱ አይደለሁም። ሽምግልና ሁልጊዜ የሚፈልገው መሐሉን ነው። በሁለት ማሳዎች መካከል መሐል አለ። ውሃ በገባበት ገመድና በሴት እጅ መካከል ግን ምን ዓይነት መሐል እንደሚገኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሽማግሌዎቹ ግን አገኙት።

«አንቺም ደንግጠሽ ነው፤ እሱም ለሥራ ብሎ ነው» አሉ ታላቁ። «ገመዱን ተኪለትና አፉ በይው። ሐጂ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሐጂው በተዘጋ ድምፁ ሚስቱን፣ «አንቺስ?» አላት።

«እተካለሁ» አለች ወዲያው። «ግን ሙሉ ገመድ፣ ያልተቀጠለ። መጥቶም እዚሁ፣ የእኔ ሶኬት ላይ፣ እናንተ እያያችሁ ይሰካው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ የዕርቅ ቅድመ ሁኔታ ሰምተው አያውቁም፤ ግን ክፋት አላገኙበትም። አዲስ ገመድ ተገዛ። ጎረቤቱ ግራይንደሩን ይዞ ፊቱን አኮሳትሮ መጣ። በእርጥቡ ሣር ላይ፣ ትናንት በነበረበት ቦታ ዘረጋው። ሰካ። አስነሳ።

ግራይንደሩ ጮኸ፤ እንደጮኸም ቀጠለ። ፈሪው ንቅንቅ አላለም። ሰዎቹ ሁሉ ሶኬቱን አፍጥጠው አዩ። እኔም ከዕድሜዬ የተረፈችኝን አንዲት ተስፋ ይዤ ሰዎቹን አየሁ።

ጎረቤቱ ግራይንደሩን አጥፍቶ በያጁን በክርኑ ነካ አደረገው። «አየህ» አለ፣ «ሶኬቱን ስትመልሰው በደንብ አሰርከው። ለካ ብሎኑ ነበር የላላው።»

«እኔ ያሰርኩት ነገር አይላላም» አለ በያጁ ኮራ ብሎ።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ለቤቱ፣ ለሐጂው፣ ለጎረቤታሞቹ ፍቅር፣ ለዘንድሮው አዝመራ። እህቴ ግን እስኪያልቅ አልቆየችም። «አሚን» እያለች ሄዳ አዲሱን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች፤ የማሽኑን ሰካች። በአውራ ጣቷ ቁልፉን ተጫነች፤ ቀጭ ሲል ሰማች። መልሳ አበራችው። ብርድ ልብሶቹ ከትናንት ጀምሮ እንደተዘፈዘፉ ናቸው። ማሽኑ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ክዳኑን ዘጋች። ማሽኑ መዞር ሲጀምር መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። አነሳች። እንደገና አሳረፈችና እዚያው ተወችው።